ሰባታሚት ላይ የማልሁት

ስልኬ ሲጠራ የላቦራቶሪውን ማይክሮስኮፖች እየሸፈንሁ ነበር። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የደወለልኝ የባጃጅ ሹፌሩ ነው። ከእሱ ጋር ከተዋወቅን ሦስት ዓመት ይሆነናል። አንድ ጧት ከመቀመጫው ሥር እባብ ተጠቅልሎ አግኝቶ ባጃጁን አስፋልት ላይ ጥሎ ሲሮጥ፣ እባቡን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ፍርሃቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ቢሆንም እንስሳ ላነሣ ስሄድ የሚያደርሰኝም፣ ጆንያ የሚይዝልኝም እሱ ነው።

"ሰባታሚት ዘንዶ ተገኝቷል" አለኝ። "ልወስድሽ እየመጣሁ ነው። በር ላይ ጠብቂኝ።"

"ገደሉት?"

"አልገደሉትም።" አለና ቀጠለ። "ልጅ ጠፍታለች። የሁለት ዓመት ልጅ። ከረፋዱ ጀምሮ የለችም። የዘንዶው ሆድ ደግሞ ተነፍቷል።"

የቀሩትን ማይክሮስኮፖች ሳልሸፍን ወደ በሩ ወጣሁ። 

ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የሥነ ሕይወት ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ለብዙ ዓመት ሥራዬ በፎርማሊን የተነከሩ እባቦችንና እንሽላሊቶችን ጠርሙሳቸውን እየወለወልሁ መደርደር ነበር። ሰው የገደለውን እባብ በፌስታል ያንጠለጥልና "ለተማሪዎች ይሆናል" ብሎ ያመጣልኛል። አንድ ቀን የመጣልኝ እባብ ከፌስታሉ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። አልሞተም ነበር። ሐይቁ ዳር ወስጄ ደንገሉ ውስጥ ለቀቅሁት። ከዚያ በኋላ ሰዎችን "አትግደሉ፣ ደውሉልኝ" እያልሁ መለመን ጀመርሁ። አያያዙን ከሚያውቁ ባለሙያዎች ተማርሁ። ከሆቴል ፍሳሽ ቱቦ አርጃኖ፣ ከመንገድ መሐል ኤሊ፣ ከጭድ ክምር ሥር እፉኝት አንሥቻለሁ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ የጊዮርጊስ ደብር ያገለግላሉ። ጎረቤቶቻችን "አባት ዘንዶ የወጋውን ሰማዕት ያወድሳሉ፣ ልጅ ዘንዶ ታሳድጋለች" እያሉ ሲቀልዱብን አባቴም አብረው ይስቃሉ።

እውነቱን ለመናገር ግን እስከዚያ ቀን ትልቅ ዘንዶ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር።

ሹፌሩ የመንገዱን ጉድጓድ ሳይመርጥ ነዳ። እኔም በልቤ የማልፈልገውን ጥያቄ ስጠይቅ ነበር። ዘንዶ የሁለት ዓመት ልጅ መዋጥ ይችላል? ተማሪ ቢጠይቀኝ "እምብዛም የማይደርስ ነገር ነው" ብዬ እመልስለት ነበር። አይደርስም ማለት ግን አይችልም ማለት አይደለም። የፍየል ግልገል የሚውጥ ዘንዶ ለሕፃን አይሰንፍም። ይህን አውቅ ነበር።

ከባሕር ዳር ዳርቻ ያለው ሰባታሚት ግማሹ እርሻ፣ ግማሹ አዲስ ቤት ነው። ባለቤቱ እጁ ላይ ሲኖረው የሚሠራው፣ ሲያጣ የሚያቆመው ግንብ በየቦታው አለ፤ በመካከሉ የበቆሎ ማሳ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስለነበር በቆሎው ከሰው ቁመት አልፏል። ከባጃጁ ስወርድ ለመሠረት የተከመረ ድንጋይ ከብቦ የቆመ ብዙ ሕዝብ አየሁ። የሁሉም እጅ ድንጋይ ወይም ዱላ ይዟል። ነገር ግን ማንም አይወረውርም።

ምክንያቱን ያወቅሁት በሰው መሐል አልፌ ፊት ስደርስ ነው። አንዲት ወጣት ሴት በሕዝቡና በዘንዶው መካከል ቆማለች። ነጠላዋ መሬት ላይ ወድቋል። ሁለት እጇን ዘርግታ ሰው ታግዳለች። ከራሴ ሌላ ለዘንዶ የሚቆም ሰው አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ ገረመኝ። ወዲያው ድምፅዋን ሰማሁ።

"አትወርውሩ" ትላለች። "ልጄን ታደቁብኛላችሁ። ወገኖቼ፣ ልጄን ታደቁብኛላችሁ።"

ክው አልሁ። ይህች እናት ልጇ እዚያ ሆድ ውስጥ በሕይወት ያለች መስሏታል።

ስታየኝ እየሮጠች መጥታ ክንዴን ያዘች። መዳፏ እሳት ሆኗል።

"ስለ ዘንዶ የምታውቂው ሴት አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ቶሎ አውጫት እንግዲህ። አየር ያጥራታል።"

ምን ብዬ ልመልስላት? ዘንዶ ሳያፍን እንደማይውጥ፣ ልጅቱ እዚያ ውስጥ ካለች ከረፋዱ ጀምሮ በሕይወት እንደሌለች እንዴት እነግራታለሁ?  እሷን አልፌ ዘንዶውን አየሁት።

ርዝመቱ ከሦስት ሜትር በላይ ነው። ጭንቅላቱን ድንጋዩ ሥር ቀብሮ፣ የቀረው ገላው ውጭ ተዘርግቶ ቀርቷል። ውፍረቱ የጭኔን ያህል ሲሆን ከወገቡ ላይ ደግሞ ቆዳው እስኪሳሳ ተወጥሮ አብጧል። እብጠቱ አዲስ ነው። ከዋለ እንኳ ግማሽ ቀን ቢውል ነው። ልጅቱ የጠፋችበትን ሰዓት አሰብሁ። መጠኑን በዓይኔ ለካሁ።  "አይደለችም" የሚያሰኝ አንድም ምልክት አላገኘሁም።

በዚህ መሐል ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለና አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ መጣ። የልጅቱ አባት ነው። የሥራ ቱታ ለብሷል፤ ከሚሠራበት ፋብሪካ ተጠርቶ በሩጫ እንደመጣ ያስታውቃል። አላለቀሰም። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ገለል በይ እህቴ" አለኝ። "ሆዱን ልቀደው ነው።"

ገለል አላልሁም። እግሬ ራሱ ዘንዶው ፊት ወስዶ አቆመኝ።

"ቆይ" አልሁት።

"ልጄ እኮ ውስጡ ናት።"

"አይደለችም።"

"በምን አወቅሽ?"

እናትየዋ ዓይኖቼን ታያለች። ሕዝቡ ሁሉ አፌን ይጠብቃል። ያን ጊዜ ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ሳስበው ያስደነግጠኛል። ቀኝ እጄን አነሣሁና "ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው፣ ልጅህ እዚህ ውስጥ የለችም" ብዬ ማልሁ።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ይህ ራሱ አስደነገጠኝ። ለእንስሳው ሳስቼ ነው? ወይስ ያች እናት መጥረቢያው ሆዱን ሲከፍተው የምታየውን ነገር እንዳታይ ብዬ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። አንድ ጊዜ ይህ ይመስለኛል፣ ሌላ ጊዜ ያ።

ከሕዝቡ መሐል አንዲት አሮጊት "የመሪጌታው ልጅ ናት። በሐሰት አትምልም" አሉ። አውቃቸዋለሁ፤ አባቴ የሚያገለግሉበት ደብር የሚያስቀድሱ ሴት ናቸው። አባትየው እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ መጥረቢያውን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ። ሰው በቃሌ አመነ። የሰው እምነት እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

ከኋላዬ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ዞር አልሁ። ዘንዶው ጭንቅላቱን ከድንጋዩ ሥር አውጥቷል። አፉን ከፈተው። እብጠቱ ወደ ላይ መሄድ ጀመረ።

ዘንዶ ከተጨነቀ የዋጠውን ይተፋል፤ ሆዱ ቀሎት እንዲሸሽ ነው። ይህን ስንት ጊዜ ለተማሪዎች ነግሬአለሁ። በዚያች ቅጽበት ግን ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማልሁት መሐላ አሁን በሰው ሁሉ ፊት ሊገለጥ ነው። "ልጆቹን ውሰዱ፣ እናትየዋን ወዲያ አድርጓት" ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ደርቄ ቆምሁ።

እብጠቱ አንገቱ ጋ ደረሰ። መንጋጋው ከሚገባው በላይ ተከፈተ። መጀመሪያ ቀጭን፣ እርጥብ፣ የታጠፈ እግር ወጣ።

እናትየዋ ድምፅ ሳታሰማ ባለችበት ወደቀች። አባትየው ሊይዛት እንኳ አልዞረም። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስንት ሰከንድ እንደጨፈንሁ አላውቅም። የሰማሁት የሹፌሩን ድምፅ ነው።

"ሰኮና ነው" አለ። "ሰኮና ነው፣ ተመልከቱ።"

ስገልጥ ሁለተኛው እግር ወጥቷል። ከዚያ ጅራት፣ ከዚያ በልጋግ የተላወሰ ቡናማ ፀጉር። የፍየል ግልገል ናት። "የኔ ናት" አሉ አሮጊቷ በቀስታ። "ማሳው ዳር ነበር ያሰርኋት። መጥፋቷንም ልብ አላልሁ።"

ሰው ሁሉ ትንፋሹን በአንድ ጊዜ ለቀቀው። አንዳንዱ አማተበ፣ አንዳንዱ ሳቀ። አንዲት ሴት እልል ልትል ጀምራ አቋረጠችው። እናትየዋ በውሃ ፊቷን ሲረጯት ነቃች። ነገሯት። ግልገሏን አየቻት። ከዚያ ቀና ብላ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን።

"ታዲያ ልጄ የት ናት?" አለች።

 ዘንዶው ከተገኘ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጅቱን የፈለጋት አንድ ሰው አልነበረም። በቆሎ ውስጥ ሲፈልጉ የነበሩት፣ በየቤቱ ሲያንኳኩ የነበሩት፣ ሁሉም "ተገኘች" ብለው ዘንዶውን ለመክበብ መጥተው ነበር። አንድ ሽማግሌ "ወደ ወንዙ ሂዱ" አሉ። አባትየው ቀድሞ ሮጠ፤ ሕዝቡ ተበተነ።

እኔና ሹፌሩ ከዘንዶው ጋር ቀረን። በጣም ደክሞታል። ነጠላዬን ጭንቅላቱ ላይ ጣል አድርጌ ከአንገቱ ያዝሁት። ሹፌሩ "በስመ አብ" እያለ ወገቡን አቀፈልኝ። ሁለት ጆንያ ደራርበን ከተትነው፣ አፉን አሰርነው።   ፀሐይ እንዳይመታውና ሰው ተመልሶ እንዳይወግረው ጆንያውን ተሸክመን ሰው ወደሌለበት፣ ከአንድ ጅምር ግንብ ጀርባ ወሰድነው። ከድንጋዩ ክምር ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

አሸዋ ላይ አሳርፈነው ቁጭ አልን። ያን ጊዜ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ድመት መሰለኝ።

"የማን ድመት ናት?" አልሁት።

ሹፌሩ እጁን አነሣ። "ዝም በይ እስቲ።"

ዝም አልሁ። ድምፁ ተቋረጠ፤ እንደገና መጣ። ከምድር ሥር ነው የሚመጣው። ከግንቡ ጀርባ ለመጸዳጃ ቤት የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና በአሮጌ ቆርቆሮ ሸፍነውታል። ከቆርቆሮው ጎን አዋቂ የማታሳልፍ፣ ሕፃን ግን የምታሾልክ ክፍተት ነበረች። በሆዴ ተኝቼ ወደ ውስጥ አየሁ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ምንም አልታየኝም። ቀጥሎ ሁለት ዓይኖች ወደ ላይ ሲያዩኝ አየሁ።

ጉድጓዱ ሁለት ሰው ቢደራረብ የሚደርስ ነው። ከሥሩ የዝናብ ውሃ አቁሯል፤ ልጅቱ ጭቃ ላይ ተቀምጣ ውሃው ወገቧ ላይ ደርሷል። አንድ እጇን በሌላው ይዛለች። ማልቀሱን ጨርሳ ነበር። የሰማነው ልቅሶ አልነበረም፤ ትንፋሽዋ በጉሮሮዋ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ ነው።

ሹፌሩ ሕዝቡን ሊጠራ ሮጠ። እኔ እዚያው ተኝቼ አዋራኋት። ምን እንዳልኋት አላስታውስም፤ ብቻ ዝም እንዳልል ፈርቼ ነበር። እያወራኋት አንድ ነገር ገባኝ። ይህች ልጅ እስክትደክም ድረስ ጮኻለች። እኛ ሠላሳ እርምጃ ርቀን ቆመን ነበር። የእኛ ጫጫታ ጩኸቷን ዋጠው።

አባትየው በመሰላል ወርዶ አወጣት። እጇ ተሰብሯል፣ ከንፈሯ ከብርድ የተነሣ ጠቁሯል፣ ግን በሕይወት አለች። እናትየዋ ተቀብላ ደረቷ ውስጥ ከተተቻት። ዘንዶውን ሊወስድ በመጣው ባጃጅ ሦስቱም ወደ ሆስፒታል ሄዱ።

እኔ ከጆንያው አጠገብ ቀረሁ። ሰዎች እየመጡ ከሩቅ ያዩኛል፤ ማንም ድንጋይ አላነሣም። አሮጊቷ አንድ ጆግ ውሃ ይዘው መጡ። የምጠጣው መስሎኝ እጄን ስዘረጋ "ለእሱ ነው፣ ይሞቀዋል" ብለው ጆንያው ላይ አፈሰሱት። ግልገላቸውን የበላባቸው እሱ ነው።  "እግዜር ይስጥልኝ እማማ" ብቻ አልሁ።

"ለመሆኑ ውስጡ እንደሌለች እንዴት አወቅሽ ልጄ?" አሉኝ።

አቀረቀርሁ። እሳቸው ሌላ አልጠየቁኝም።

ሹፌሩ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ተመለሰ። ልጅቱ እጇ ታስሮላት ተኝታለች አለኝ። ዘንዶውን ጭነን ከቤት ርቆ ደንገል ወደበዛበት የሐይቁ ዳር ሄድን። ጆንያውን ስፈታው ለጥቂት ጊዜ አልወጣም። ከዚያ ጭንቅላቱ ወጣ፣ ምላሱን አወጣ፣ አየሩን ቀመሰ፣ ገላውን እየሳበ ወደ ውሃው ገባ። ደንገሉ አንድ ጊዜ ተወዛወዘና ፀጥ አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንስሳ ስለቅቅ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ደስታ አላገኘሁም። ከዳር ተቀምጬ አለቀስሁ። ሹፌሩ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ጠበቀኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷቸዋል። ሰዎች "ልጅዎ በጊዮርጊስ ስም ምላ እውነት ሆነላት" እያሉ እጃቸውን ሲስሟቸው ሰንብተዋል።

"እርግጠኛ አልነበርሁም አባቴ" አልኋቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። አባቴ ቶሎ የሚቆጡ ሰው አይደሉም።

"ሳታውቂ ነው የማልሽው?"

"አዎ።"

"ብትኖርስ ኖሮ?"

ዓይኔን ከእሳቸው አሸሸሁ። እሳቸው መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ። "እውነት ስለሆነ እውነት ተናገርሽ ማለት አይደለም" አሉኝ በመጨረሻ። "ለንስሓ አባትሽ ንገሪ። እኔ አባትሽ ስለሆንሁ ልፈርድብሽ አልችልም።" ከዚያ ምሳ በልተሽ ሂጂ አሉኝ። በላሁ። ስለ ዘንዶው አንሥተው አልቀለዱም።

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ልጅቱን ልጠይቅ ሰባታሚት ሄድሁ። ሙዝና ብርቱካን ይዤ ነበር። አባትየው በር ላይ ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊይዝ ሞከረ፤ አልፈቀድሁለትም። ለጎረቤቱ "ያኔ ያልሁህ ሴት ይህች ናት። አንድ ጊዜ አይታ ነው ያወቀችው" እያለ አስተዋወቀኝ። አንገቴን ደፋሁ። ልጅቱ እጇ በጀሶ ታስሮ ወለሉ ላይ በድስት ክዳን ትጫወታለች። አላወቀችኝም።

አባትየው ለስላሳ ሊገዛ ሲወጣ እናትየዋ አጠገቤ ተቀመጠች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች። "እውነቱን ንገሪኝ። ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም ነበር" አልኋት።

ፊቷ አልተለወጠም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ልጇ ትመለከታለች። እንድትጮኽብኝ፣ ከቤቴ ውጪ እንድትለኝ ጠበቅሁ።

"እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለች። "ስትምይ ዓይንሽን አየሁት። አላመንሁሽም።"

"ይቅር በይኝ።"

"ያን ሰዓት እውነቱን ብትነግሪኝ እሞት ነበር።" ከደጅ የባሏ እርምጃ ተሰማ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሌሊት ሌሊት እየነቃ መጥረቢያውን ያነሣል። በሕልሙ ሲቀደው ልጃችን ውስጡ ናት። 'እሷ ታውቅ ነበር' ስለው ነው ተመልሶ የሚተኛው። ለእሱ አትንገሪው።"

ሰውዬው ሁለት ጠርሙስ ይዞ እየሳቀ ገባ። አንዱን ከፍቶ ሰጠኝ። ተቀበልሁትና ጠጣሁ። እስከ ዛሬ አልነገርሁትም።